ከግጥም የተወለደው ባሕር

በአማርኛ «ባሕር» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ጣናን ባሕር እንላለን፤ ባሕር ዳር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ልጅ ከአገር ሲወጣ፣ የተሳፈረው በአውሮፕላን ቢሆንም፣ «ባሕር ማዶ ሄደ» ይባላል። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የቁጥር ትምህርት አባቶች «ባሕረ ሐሳብ» ብለውታል። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ግን ጨዋማውን ውኃ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። የሚያውቁት በፊልም፣ በስልክ፣ ወይም ከዚያ ማዶ በሚደውል ዘመድ በኩል ነው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ባሕርን በጆሮ ስለሚያደርሱ ሰዎች ነው። አንድ ገጣሚ ስለ ባሕር ይጽፋል። ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ የሙዚቃ ደራሲ ያን ግጥም ያነብና ሰማንያ ዘጠና ሰው ለሚጫወትበት ኦርኬስትራ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። «ይህ ለቤተሰብ ገጽ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ባሕር ማዶ የምትኖር የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ያየሁት በእሷ በኩል ነው። ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ግን ሙዚቃውን ላስተዋውቃችሁ።

ግጥም ወደ ኦርኬስትራ እንዴት ይገባል?

በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ግጥሙ ይዘፈናል፣ ኦርኬስትራው ያጅባል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኤልጋር እ.ኤ.አ. በ1899 «የባሕር ሥዕሎች» የተሰኘውን ሥራውን ያቀረበው እንዲህ ነው። የአምስት ገጣሚዎችን አምስት ግጥሞች መርጦ ለአንዲት ዘፋኝና ለኦርኬስትራ ጻፋቸው። ከአምስቱ ገጣሚዎች አንዷ የገዛ ሚስቱ አሊስ ነበረች።

ሁለተኛው መንገድ ረቀቅ ያለ ነው። ግጥሙ አይዘፈንም፤ ቃሉ ይቀርና ውስጡ ያለው ነገር በመሣሪያዎቹ ብቻ ይነገራል። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን እንደመያዝ ነው። ጀርመናዊው ፊሊክስ ሜንደልሶን እ.ኤ.አ. በ1828፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ከታላቁ ገጣሚ ከጎተ ሁለት አጫጭር ግጥሞች ተነሥቶ «ጸጥ ያለ ባሕርና የተሳካ ጉዞ» የተባለ ሥራ ጻፈ። በመጀመሪያው ግጥም ባሕሩ ጸጥ ብሏል። እኛ ዛሬ «ጸጥ ያለ ባሕር» ሲባል ሰላም ይመስለናል። በሸራ ለሚሄድ መርከብ ግን ነፋስ ቆመ ማለት ጉዞው ቆመ ማለት ነው፤ መርከበኛው ስንቁና የሚጠጣው ውኃ እያለቀበት በባሕር መካከል ይቀራል። ስለዚህ ሙዚቃው ሲጀምር የምንሰማው ጸጥታ ጭንቀት ያዘለ ነው። ከዚያ አንዲት ፍሉት ብቅ ትላለች፤ ነፋሱ መምጣቱ ነው። ሸራው ይሞላል፣ ጉዞው ይፈጥናል፣ በመጨረሻም ትራምፔቶች መርከቡ ወደብ መግባቱን ያበስራሉ።

አሁን የማነሣቸው ሦስት ደራሲዎች ወደ እኛ ዘመን የቀረቡ ናቸው። አንዱ ባሕርን ናፍቆ ተመለሰ፤ አንዷ ባሕር ማዶ ኖረች፤ አንዱ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ወደ እኛ እየመጣ ነው አለ።

ግጥም ወደ አገሩ የመለሰው ሰው

ቤንጃሚን ብሪተን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1913 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሎውስቶፍት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ቤታቸው ፊቱን ወደ ባሕሩ የሰጠ ነበር። በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ የዓለም ጦርነት ተነሣና እዚያው ቀረ። በ1941 ካሊፎርኒያ ሳለ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት እጁ ገባ። ደራሲው ኢ. ኤም. ፎርስተር በዚያ መጽሔት ላይ ስለ አንድ የቆየ ገጣሚ ጽፎ ነበር። ገጣሚው ጆርጅ ክራብ ይባላል፤ በ1754 የተወለደውም ብሪተን ካደገበት ብዙ በማትርቅ ኦልድበራ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በ1810 ያሳተመው ረጅም ግጥም የዚያን አካባቢ ሰዎች፣ ድህነታቸውን፣ ሐሜታቸውንና ከባሕሩ ጋር ያላቸውን ትግል ይተርካል።

ብሪተን ግጥሙን ፈልጎ አነበበው። የራሱ ቦታ የት እንደሆነና ምን እንደጎደለው ያን ጊዜ በድንገት እንደገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግሯል። በ1942፣ ጦርነቱ ገና ሳይበርድ፣ አትላንቲክን በመርከብ አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ግጥም የወጣው «ፒተር ግራይምስ» የተባለው ኦፔራ በአውሮፓ ጦርነቱ ባበቃ በወሩ፣ ሰኔ 7 ቀን 1945 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

የኦፔራው ታሪክ ከባድ ነው። የአንድ ዓሣ አጥማጅ ረዳቶች የሆኑ ድሆች ልጆች ይሞታሉ፤ መንደሩም በሰውዬው ላይ ይነሣበታል። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን አይደለም። ይሁንና ብሪተን በትዕይንቶቹ መካከል መጋረጃው ተዘግቶ ኦርኬስትራው ብቻውን የሚጫወታቸውን አራት ክፍሎች ለይቶ አውጥቷቸዋል። ስማቸው «ንጋት»፣ «እሑድ ጠዋት»፣ «የጨረቃ ብርሃን» እና «ማዕበል» ነው። እነዚህን ማንኛውም ልጅ ሊሰማቸው ይችላል። በ«ንጋት» ቫዮሊኖችና ፍሉቶች ከላይ ቀጭንና ቀዝቃዛ ዜማ ይይዛሉ። ከሥራቸው ክላሪኔት፣ ሃርፕና ቪዮላ ፀሐይ እንደነካው ውኃ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ቀጥሎ የናስ መሣሪያዎቹ ከጥልቁ እያበጡ ይመጣሉ፤ መልሰው ይረግባሉ። በ«እሑድ ጠዋት» ደግሞ ሆርኖቹ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሆናሉ። በደወል ድምፅ ለሚነቃ የእኛ አገር ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ራሱ ያውቀዋል።

«ባሕር ማዶ» በሙዚቃ

ሁለተኛዋ ፊንላንዳዊቷ ካይያ ሳሪያሆ ናት። በ1952 ሄልሲንኪ ተወለደች፤ ከ1982 ጀምሮ ኑሮዋን በፓሪስ አደረገች፤ በሰኔ 2023 እዚያው አረፈች። ከአርባ ዓመት በላይ ከተወለደችበት አገር ርቃ መኖሯ ነው። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ አዲሱን ሺህ ዓመት ምክንያት በማድረግ ሥራ ሲያዝዛት «ኦልትራ ማር» የተባለውን ለኦርኬስትራና ለመዘምራን ጻፈች። በኅዳር 1999 እ.ኤ.አ. በኩርት ማዙር መሪነት ለሕዝብ ቀረበ። የርእሱ ትርጉም ልክ እንደ እኛው ነው፤ «ባሕር ማዶ»።

በሥራው ውስጥ ከሚሰሙት ቃላት መካከል የሊባኖስ ተወላጁ የአሚን መዓሉፍ ግጥም ይገኛል። እሱም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ በ1976 ወደ ፈረንሳይ የተሰደደ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው «የሩቅ ፍቅር» የተባለ ኦፔራም ሠርተዋል። በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ኦፔራ በ12ኛው መቶ ዘመን ስለኖረ ጆፍሬ ሩደል ስለተባለ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው። ሰውዬው ባሕር ማዶ ለምትኖር፣ አይቷት ለማያውቅ ሴት ግጥም ይጽፍ ነበር። በመጨረሻ ሊያያት ባሕር ተሻገረ። በመንገድ ታመመ፤ ደርሶ እቅፏ ውስጥ ሞተ ይላል ስለ እሱ የሚነገረው ታሪክ።

«ኦልትራ ማር» ሰባት ክፍሎች አሉት። ቅደም ተከተላቸው እንዲህ ነው፦ መነሣት፣ ፍቅር፣ ማዕበል፣ ጊዜ፣ የማዕበል ትዝታ፣ ሞት፣ መድረስ። ይህን ዝርዝር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ልጇን ቦሌ ድረስ የሸኘች እናት የምታልፍበት መንገድ ይመስላል። መነሣት አለ፤ ከዚያ ናፍቆት፤ ከዚያ የሚቆጠር ጊዜ። ሞት ከመድረስ በፊት መምጣቱን ልብ በሉ። ደራሲዋ ጉዞውን አላቆላመጠችውም።

ይህን ስጽፍ ባሕር ለብዙ ቤተሰብ የመዝናኛ ቦታ ወይም የሚያምር ሥዕል እንዳልሆነ ሳልዘነጋ ነው። በቀይ ባሕር ወደ የመን፣ በሜዲትራኒያን ወደ አውሮፓ ለመሻገር የወጡ ልጆች አሉን። አንዳንዱ ደርሶ ደወለ። የአንዳንዱ ስልክ ግን እስከ ዛሬ አልጠራም። እንዲህ ላለ ወላጅ «ስለ ባሕር ሙዚቃ አዳምጥ» ብሎ መምከር ድፍረት ነው፤ አልመክርምም። ማለት የምችለው፣ ከእነዚህ ደራሲዎች አንዳቸውም ባሕርን የዋህ አድርገው አልሣሉትም። የብሪተን ባሕር ልጆችን ይወስዳል። የሳሪያሆ ባሕር ሰውን ከሚወደው ይለያል። የሜንደልሶን ባሕር እንኳ ጸጥ ሲል ያስፈራል።

ውቅያኖስ መሆን

ሦስተኛው አሜሪካዊው ጆን ሉተር አዳምስ ነው። ሙሉ ስሙን የምጠራው ጆን አዳምስ የሚባል ሌላ ታዋቂ የሙዚቃ ደራሲ ስላለ፣ ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ ነው። በ1953 በአገሩ ደቡብ በምትገኘው በሚሲሲፒ ግዛት ተወለደ። በ1970ዎቹ ወደ አላስካ ሄዶ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በበረዶው አገር ኖረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአካባቢ ጥበቃ ይሠራ ነበር፤ ጎን ለጎንም በኦርኬስትራ ውስጥ የምት መሣሪያዎችን ይጫወት ነበር።

ዋና ሥራው «ውቅያኖስ መሆን» ይባላል። ስሙ የመጣው ከግጥም ነው። አሜሪካዊው ጆን ኬጅ ለወዳጁ ለሙዚቃ ደራሲው ለሉ ሃሪሰን የልደት ስጦታ እንዲሆን አንድ አጭር ግጥም ጽፎ ነበር። አጻጻፉ ልጆች በስማቸው ፊደላት ስንኝ ሲጀምሩ ከሚጫወቱት ጋር ይመሳሰላል፤ የኬጅ ፊደላት ግን በስንኞቹ መካከል ሆነው ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ። ኬጅ የወዳጁን ሙዚቃ ወደ ባሕር ሲገባ ከሚሰፋና ከሚከፋፈል ወንዝ ጋር ያመሳስለዋል። አድማጩም ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ሳይሆን የውኃው አካል እንደሚሆን ይነግረናል። ሃሪሰን ለአዳምስም መካሪና ወዳጅ ነበር። እናም አዳምስ ከዚያች አጭር ግጥም ስሙን ወስዶ የ42 ደቂቃ ሙዚቃ ጻፈ።

ሙዚቃው በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ በከተማዋ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ በፈረንሳዊው ሉዶቪክ ሞርሎ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማትን፣ በ2015 ደግሞ የግራሚ ሽልማትን አገኘ። አሠራሩ ለማንም ሊገባ የሚችል ነው። ኦርኬስትራው በሦስት ቡድን ተከፍሎ ለየብቻ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ቡድን እንደ ማዕበል በራሱ ጊዜ ያብጣል፣ በራሱ ጊዜ ይረግባል። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ እብጠት ከሌላው ጋር አይገጥምም። ሦስት ጊዜ ግን፣ በ7ኛው፣ በ21ኛውና በ35ኛው ደቂቃ ገደማ፣ ሦስቱም በአንድነት ያብጣሉ፤ ያን ጊዜ የምትቀመጡበት ወንበር የሚንቀሳቀስ ይመስላል። መሀሉ ላይ ሲደርስ ሙዚቃው የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ውኃው ወደ ዳር መጥቶ እንደሚሸሽ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር አዝማችና ስንኝ ለለመደ ጆሮ ይህ ሙዚቃ በመጀመሪያ ይከብዳል። የሚያዜሙት ዜማ የለውም። በዐቢይ ጾም በገና የሚያዳምጥ ሰው ግን የሚጠይቀውን ትዕግሥት ያውቀዋል። በገናም አያስቸኩልም፤ የሚመላለሰው ድምፅ ቀስ በቀስ ሰውን ወደ ራሱ ያስገባዋል።

አዳምስ ከኖታው ጋር አጭር ማስታወሻ ጽፏል። ሐሳቡ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ሕይወት ከባሕር ወጣ፤ አሁን የዋልታዎቹ በረዶ እየቀለጠ፣ የባሕሩም ከፍታ እየጨመረ ሲሄድ እኛ ሰዎች ዳግመኛ ወደ ባሕርነት የመመለስ ዕጣ ተደቅኖብናል። የባሕር ከፍታ የሚጨምረው በየብስ ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ስለሚገባበትና ውኃው ራሱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው። እንግዲህ ርእሱ ሁለት ፍቺ አለው ማለት ነው። በኬጅ ግጥም ውቅያኖስ መሆን ደስታ ነበር። በአዳምስ ሙዚቃ ደስታውም አለ፣ ማስጠንቀቂያውም አለ።

ልጆቻችሁ ቴይለር ስዊፍትን ሳያውቋት አይቀሩም። ይህች ዘፋኝ የ«ውቅያኖስ መሆን»ን ቅጂ ሰምታ በ2015 መጨረሻ ለሲያትል ሲምፎኒ 50,000 ዶላር ለገሰች። በላከችው ደብዳቤ ሙዚቃው በልጅነቷ ከአያቷ ጋር ኦርኬስትራ ለመስማት የምትሄድበትን ጊዜ እንዳስታወሳት ገልጻለች። አያቷ የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። ዓለም የሚያውቃት ዘፋኝ ስለ ውቅያኖስ የተጻፈ የ42 ደቂቃ ሙዚቃ ስትሰማ ያስታወሰችው አያቷን መሆኑን ሳነብ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ መጻፍ እንዳለበት ወሰንሁ።

ከስልኩ ማዶ ያለችው ልጅ

የልጅ ልጄ የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ የምትኖረውም እዚያው ሲያትል ነው። ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ያሉባት የውኃ ዳር ከተማ ናት። በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ንግግራችን ግን ይህን ይመስል ነበር። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «በላሽ?» «በላሁ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ዝምታ። የጎደለው ፍቅር አይደለም፤ ቃል ነው። የእሷ አማርኛ ከማዕድ ቤት ብዙ አያልፍም፤ የእኔም እንግሊዝኛ ለንባብ እንጂ ለልጅ ጨዋታ አይሆንም። ይህን ዝምታ ብዙ አያቶች ታውቁታላችሁ።

አንድ ቅዳሜ እናቷ «ለምን አብራችሁ አንድ ነገር አታዳምጡም?» አለች። እኔም ስለዚህ ሙዚቃ አንብቤ ስለነበር እሱን መረጥሁ። እዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ነበር፤ እዚያ ጠዋት አራት ሰዓት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን በአንድ ጊዜ ከፈትን፤ ስልኩን ሳንዘጋ ዝም አልን። የተስማማነው እስከ መጀመሪያው ማዕበል፣ ሰባት ደቂቃ ያህል፣ ልንታገሥ ነበር። ማዕበሉ መጥቶ ሲያልፍ አንዳችንም አላጠፋነውም።

«አባባ፣ እርስዎ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «እርስዎ» ማለትን እናቷ አስተምራታለች፤ መሀል ላይ ግን «አንተ» ይሆናል። እኔም አላርማትም። ምጽዋን ነገርኳት። በወጣትነቴ ከአሥመራ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ እንዴት እንደተደፈነ፣ ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ እንዴት እንደተቀበለኝ፣ ከንፈሬን ስልስ ጨው ጨው እንዳለኝ። እናቷም ከጎኗ ሆና ትሰማ ነበር፤ ይህን ታሪክ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። ልጅቷ ደግሞ መኪና ጭኖ በሚሻገር ትልቅ ጀልባ ስለመሄዷ በሁለት ቋንቋ እየቀላቀለች አወራችኝ። ውኃው ሰማያዊ ሳይሆን ግራጫ ነው አለችኝ። ሰማያዊ የሚሆነው ሥዕል ላይ ብቻ ነው አለች።

ከዚያ ወደ ሙዚቃው ተመለሰች። «ትምህርት ቤት በረዶው እየቀለጠ ነው ብለውናል። ይሄ ስለሱ ነው?» አዎ፣ ደራሲው እንዲያ ብሎ ጽፏል አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ ለምን ያምራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱን ያገኘሁት ከለቅሶ ቤት ነው። ሙሾ የምታወርድ ሴት ግጥሟን አሳምራ ነው የምታወርደው። የምታሳምረው ሐዘኑ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የሄደው ሰው ውድ ስለሆነ ነው። ለልጅቷ ሙሾን ማስረዳት ስላቃተኝ «የምንፈራለት ነገር የምንወደው ነገር ነው» ብቻ አልኳት። ገባኝም አልገባኝም አላለችም። በሳምንቱ ግን ራሷ ደውላ «አባባ፣ ሁለተኛው ማዕበል ቀርቶናል» አለችኝ።

ሙዚቃው አማርኛዋን አላስተካከለውም። በመካከላችን ያለውንም ውኃ አላጠበበውም። የሰጠን ነገር ቢኖር አብረን የሰማነውንና የምንጠያየቅበትን አንድ ጉዳይ ነው። ባሕር ማዶ ልጅ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በቤት ውስጥ እንዴት ይጀመር?

ከሩቅ አትጀምሩ። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ከተጫወቷቸው መካከል «የባሕር ዜማ» ልንለው የምንችል አንድ ሥራ አላቸው። እማሆይ ባሕርን በመልካሙም በክፉውም የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ በተባለች የጣሊያን ደሴት ታስረዋል። ሥራው ለፒያኖ እንጂ ለኦርኬስትራ የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን ዜማው የአገራችንን ለዛ የያዘ በመሆኑ ልጁም አያቱም ሳይቸገሩ ይገቡበታል።

ቀጥሎ የሜንደልሶንን ሥራ ሞክሩ፤ 12 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ታሪኩም ለልጅ ይነገራል። ከመክፈታችሁ በፊት ነፋስ ስላጣው መርከብ ንገሩት፤ ከዚያ «ነፋሱ ሲመጣ እጅህን አውጣ» በሉት። ልጁ ፍሉቷን ራሱ ያገኛታል። ከዚያ የብሪተንን «ንጋት» እና «እሑድ ጠዋት» አሰሙት፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። «ኦልትራ ማር»ን ከፍ ላሉ ልጆችና ለራሳችሁ አቆዩት። «ውቅያኖስ መሆን»ን በአንድ ቀን መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ በሦስት ሳምንት በሦስት ማዕበል መክፈል ይቻላል።

አንድ የአሠራር ነገር ልጨምር። «ውቅያኖስ መሆን» የሚጀምረው እጅግ ወፍራም በሆኑ ድምፆች ነው። የስልክ ስፒከር እነዚህን ድምፆች ማውጣት ስለማይችል ምንም የማይሰማ ሊመስላችሁ ይችላል። በጆሮ ማዳመጫ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጋር በተያያዘ ስፒከር ስሙት። ብዙዎቹን በዩቲዩብ ማግኘት ይቻላል፤ የዳታው ነገር ካሳሰባችሁ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጉት፤ ምስሉ አያስፈልጋችሁም። ፍለጋውን ለልጆቹ ተዉላቸው፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

ግጥምም አይቅር። ልጁ ውኃን በተመለከተ አራት መስመር እንዲጽፍ አድርጉት፤ ስለ ጣና ይሁን፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ ሰፈሩ ወንዝ ወይም በክረምት ቆርቆሮ ላይ ስለሚወርደው ዝናብ። ከተነጋገርንባቸው ሥራዎች ብዙዎቹ የተጀመሩት አንድ ሰው ግጥም በመጻፉ ነው።

ስታዳምጡ አታስረዱ። ሲያልቅ ልጁን «ገባህ?» አትበሉት፤ «ምን ታየህ?» በሉት። ዝሆን ታየኝ ቢልም አታርሙት፤ ዝሆኑ ወዴት እየሄደ እንደነበር ጠይቁት። እሱም በተራው አንድ ነገር ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ ጊዜ ወስዳችሁ መልሱለት።